ድንጋዩ ውሃ ይጠጣ!



በዚህ መጽሔታችን ስለ ደሞዝ ብዙ ተጽፏል። ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ዕረፍት ቀን፣ ስለ መክተብ ተጽፏል። ደግ ነው፣ ገናም ይጻፍ። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቀዳዳ ልጽፍ ነው የመጣሁት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ድንጋይ ላይ ስለሚበሳ ቀዳዳ። የምትስቅ ትሳቅ፤ ስቃ ስትጨርስ ግን ታንብበኝ። ምክንያቱም አማን ውስጥ ጥቂት ዓመት ከሠራነው መሀል፣ ያ ቀዳዳ ሲበሳ አጠገቡ ያልቆመች ወይም ዱቄቱን ያልጠረገች አለች ብዬ አላምንም።

አማን መቼም የድንጋይ ከተማ ናት። ከጀበል አማን እስከ ዳቡቅ ቤቱ ሁሉ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ደረጃው ድንጋይ፣ የመስኮቱ ደፍ ድንጋይ፣ ኩሽናው ድንጋይ፣ ሃማሙ ድንጋይ። ድንጋይ ባለበት ቤት ደግሞ አንድ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር መብሳት አለ። አዲስ ኸላጥ ሲገዛ፣ ያው ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅለው ቧንቧ፣ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። የመግሰላው ማፍሰሻ ከዚያ ይሰፋል። የሽንት ቤቱ ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ያህላል። ይኼን የሚበሳው ሥዕል ለመስቀል ግድግዳ የሚበሳው ተራ ብረት አይደለም። አፉ ላይ የአልማዝ ፍርፋሪ የተለጠፈበት ክብ ቱቦ ነው። ድንጋዩን አይወጋውም፣ ይፈጨዋል። "ይፈጨዋል" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የሚፈጭ ነገር ካለ ዱቄት አለ፤ ዱቄቱም የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም።

ያ ቀን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኸልዳ አንድ ቤት ተቀምጬ እሠራ ነበር። ማዳም ልጇን ልትድር ነበርና የእንግዳ ሃማሙን አሳደሰች። አዲሱ መግሰላ የሚቀመጥበት ጥቁር ግራናይት መጣ፤ ሲታይ የኸላጡ ቀዳዳ አልተበሳም። ሙዓሊሙ ድሪሉን ይዞ መጣ። ከግብፅ የመጣ ሰው ነው፤ እንደኛው ስደተኛ። ገና ሲገባ የጠየቀው ውሃ ነበር። ማዳም ግን የጣሪያው ኸዛን ተጋምሷል፣ የውሃ ቀን ደግሞ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል፣ እንግዳም ይመጣል አለች። "ያለ ውሃ አይሆንም ወይ?" ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። ይሆናል። ለእሱ ሁሉም ነገር ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ሁለት ቤት ይጠብቀዋል።

እኔ ካርቶን ይዤ ቆምኩ፣ ብናኙ ወደ ሳሎን እንዳይሄድ ነው አሉኝ። ድሪሉ ሲጮህ ሃማሙ የጤፍ ወፍጮ ቤት መሰለ። ግራጫ ጭስ ነው። ድንጋዩ ይሸታል፣ ብረቱ ይቃጠላል። ሩብ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሲያልቅ ሙዓሊሙ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ "አልሐምዱሊላህ" አለና ሄደ፤ ቅንድቡ እንደ ሽማግሌ ነጭቷል። እኔ መጥረጊያ አነሳሁ። ደረቁን ጠረግኩት፤ የተቀመጠው ሁሉ እንደገና ተነሳ። ማታ የሳልኩት ሳል የሌላ ሰው መሰለኝ። ንፍጤ ግራጫ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያን ዱቄት ከመጋረጃ፣ ከሶፋ፣ ከፎቶ ፍሬም ላይ ስለቅም ሰነበትኩ።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ስስል ሰምታ ሻይ በመራሚያ አፍልታ ሰጠችኝ። ይኼን የምናገረው ለማመስገን ብቻ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ስለ ክፉ ማዳም እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው። ክፉ ማዳም ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ይኼ ደግ ሴትም፣ ደክሞ አዳሪ ሙዓሊምም፣ እኔም ራሴ አብረን የሠራነው ጥፋት ነው። ሦስታችንም "አቧራ እኮ ነው" ብለናል።

"በአቧራ አይደል እንዴ ያደግነው?"

ይኼን ስናገር መጀመሪያ የምሰማው መልስ ከራሳችን ልጆች ነው። "ኧረ ባክሽ! እኛ በአቧራ ነው ያደግነው።" እውነት ነው፣ አድገናል። ግን እስኪ እናቶቻችንን እናስታውስ። እናቴ ወፍጮዋ ሲለሰልስባት ድንጋዩን ትወቅረው ነበር። ታዲያ ማጀት ውስጥ አትወቅርም። ደጅ ታወጣዋለች፣ ነፋሱን ከጀርባዋ ታደርጋለች፣ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ትጠመጥማለች፣ እኛን ልጆቹን "ሂዱ ከዚህ!" ብላ ታባርራለች። ከዚያ ወፍጮውን አጥባ፣ መጀመሪያ የተፈጨውን ጥቂት እህል ደፍታ ነው ለሰው የምትፈጨው። ፊደል አልቆጠረችም፤ የድንጋይ ዱቄት ከመንገድ አቧራ እንደሚለይ ግን ታውቅ ነበር። እኛ ነን አውሮፕላን ስንሳፈር ያን እውቀት ጥለነው የመጣን።

ልዩነቱ ይኼ ነው። የመንገድ አቧራ አብዛኛው ከባድ ነው፤ አፍንጫ ይይዘዋል፣ በማስነጠስና በአክታ ይወጣል። በአልማዝ የተፈጨ ድንጋይ ግን ከውስጡ ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣል፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያነሰ። ያ ብናኝ ሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ስትተነፍሺው ሳንባሽ ጥግ ድረስ ይገባል። ድንጋዩ ውስጥ ሲሊካ የሚባለው ነገር ካለበት ደግሞ ገብቶ ይቀራል። ሳንባው ቁስል ያበጅበታል፣ ቁስሉ ይጠነክራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሲሊኮሲስ ይሉታል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ብናኙ ሲበዛ ግን በጥቂት ዓመታት ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም ይህንኑ ብናኝ በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሌላም አለ። ሲሊካ የጎዳው ሳንባ ለሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ እጁን ይሰጣል። እኛ ለኢቃማ ስንመረመር የደረት ራጅ የምንነሳው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለሌላ ሰው ነቀርሳ በሽታ ነው፤ ለእኛ የእንጀራ ጉዳይም ነው።

ላጋንን አልፈልግም። አንድ ቀዳዳ አንዲትን ሴት ሲሊኮሲስ አያሲዝም። ከሁሉ በላይ አደጋ ላይ ያለው ቀኑን ሙሉ የሚበሳውና የሚቆርጠው ሙዓሊሙ ነው። ድንጋዩም ሁሉ አንድ አይደለም። እምነበረድና የአማን ነጭ የኖራ ድንጋይ ሲሊካቸው ትንሽ ነው፤ 2 በመቶ ገደማ። ጉሮሮና ዓይን ያቃጥላሉ እንጂ እንደሌላው አይደሉም። ግራናይት ግን ከ20 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። ኩሽናና መግሰላ ላይ አሁን ፋሽን የሆነው በፋብሪካ ተጣብቆ የሚሠራው ኳርትዝ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። አውስትራሊያ ወጣት ድንጋይ ቆራጮቿ ሳንባቸው ሲጠፋ አይታ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ ከናካቴው ከልክላለች። ከሴራሚኩ ጀርባ ያለው ሲሚንቶና አሸዋም ሲሊካ አለበት። እንግዲህ ማዳም "ሩኻም ነው" ስትል ሩኻም ይሁን ግራናይት ይሁን ኳርትዝ ማን ያውቃል? ሦስቱም ሲያብረቀርቁ አንድ ናቸው። ካላወቅሽ እንደ መጥፎው ቁጠሪው።

"አንዴ ነው እኮ" ለምትሉኝ ደግሞ፦ ተቀምጣ ለምትሠራው አዎ፣ በዓመት አንዴ ሊሆን ይችላል። በተመላላሽ የምንሠራው ግን አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ የምንጠራው እኛ ነን። ዛሬ አብዱን፣ ነገ ዳቡቅ፣ ከነገ ወዲያ ማርካ። እኛ "አንዴ" የሚለው ቃል አይመለከተንም። ከመሀላችን አዲስ አበባ ኮብልስቶን ስትጠርብ ቆይታ የመጣችም አለች። እሷ ሒሳቡን ከዜሮ አይደለም የምትጀምረው።

የአማን ውሃና የእኛ ሳንባ

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልምጣ። ጠቤ ከውሃ ቁጠባ ጋር ነው።

ዮርዳኖስ በውሃ ድህነት ከዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። በታዳሽ ውሃ ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ከ100 ሜትር ኩብ በታች ነው፤ ከ500 በታች ያለው ከባድ እጥረት ይባላል። አማን ከ2013 ጀምሮ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከዲሲ በረሃ ሥር ውሃ እየተሳበ ይመጣላታል፤ እንዲያም ሆኖ ቧንቧው ብዙ ሰፈር ላይ የሚከፈተው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነው። ኸዛን ያለው ይሞላል፣ ያለቀበት ታንከር ይገዛል። ይኼን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በውሃ ቀን ሌሊት ተነስተን ልብስ የምናጥበው፣ ሰሌዳውን የምናጥበው፣ በርሜሉን የምንሞላው እኛ ነን። ስለዚህ ውሃ ቆጥቢ ብትለኝ እቆጥባለሁ። እኔ ራሴ ከወሎ ገጠር ነው የመጣሁት፤ ውሃ በእንስራ በጀርባዬ አዝያለሁ።

ግን እስኪ ሒሳብ እንሥራ። ለአንድ የኸላጥ ቀዳዳ ስንት ውሃ ይበቃል? አንድ ተኩል ሊትር፣ በዛ ቢባል ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ። ሽንት ቤቱ አንዴ ሲለቀቅ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ንጹሕ ውሃ መሆንም የለበትም፤ የልብስ መጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ለማጠብ ያፈሰስኩት ውሃ ስንት ባልዲ ነው? አሥር? አሥራ አምስት? ጠርሙሱን የከለከለው ቁጠባ ባልዲውን አፈሰሰ። እንዲህ ያለው ቁጠባ ውሃ አይቆጥብም። የሚያወጣውን ቦታ ቀይሮ ከእኛ ላይ ነው የሚወስደው።

ውሃው ደግሞ ለእኛ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ደረቅ ሲበሳ አልማዙ ይቃጠላል፣ ድንጋዩ በሙቀት ይሰነጠቃል። በውሃ ሲበሳ ብረቱ ይበርዳል፣ ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ሙዓሊሞቹ ይኼን አጥተውት አይደለም። የእኔም ሰውዬ መጀመሪያ የጠየቀው ውሃ ነው እኮ! ያወቀውን እንዲተው ያደረገው "አይሆንም ወይ?" የምትለው ጥያቄና የሚጠብቁት ሁለት ቤቶች ናቸው።

ይኼ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ1890ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በአየር ግፊት የሚሠራ የድንጋይ መሰርሰሪያ ሲመጣ ሥራው ፈጠነ፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ግን በሳንባ ረገፉ። ሠራተኞቹ መሣሪያውን "ሚስት መበለት አድራጊ" ብለው ሰየሙት። ኋላ ሌይነር የሚባል ሰው በመሀሉ ውሃ የሚያልፍበትን ሠራ። እንግዲህ መፍትሔው ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም በ1930 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሆክስ ኔስት በሚባል ቦታ ተራራ ሲሸነቆር፣ ዐለቱ ሲሊካ እንደሆነ እየታወቀ፣ ደረቁን አስበሱት። ደረቁ ይፈጥናላ! የተቀጠሩት አብዛኞቹ ከሌላ ግዛት ሥራ ፍለጋ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ፤ ስደተኞች በሉኛ። ኩባንያው 109 ሰው መሞቱን አመነ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ምርመራ 476 አለ። ውሃ ጠፍቶ አልሞቱም። ውሃ ጊዜ ይወስዳል፣ እነሱ ደግሞ በሌላ ሰው ይተካሉ ተብሎ ነው የሞቱት።

እኛም ቤት ውስጥ የሚሠራው ሒሳብ፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ዓይነቱ ያው ነው።

ይኼ የማን ሥራ ነው?

ዮርዳኖስ በ2008 የሠራተኛ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኛን አስገባች፣ በ2009 ደግሞ ስለ እኛ ደንብ ቁጥር 90ን አወጣች። ደንቡ የቤት ሥራ የሚለው ጽዳት፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ መተኮስ፣ የቤተሰቡን ሰው መንከባከብ፣ ለቤት መግዛት የመሳሰሉትን ነው። ለሙዓሊም ረዳት መሆን የሚል የለበትም። "ጽዳት" የሚል ግን አለበት፣ ክርክሩም እዚህች ቃል ላይ ነው። ሶፋ መወልወል ጽዳት ነው። የግንባታ ፍርስራሽና የድንጋይ ዱቄት ማውጣት የግንባታው ሥራ ጭራ ነው፤ ድንጋዩን የበሳው ሰው የሥራው ክፍል ነው፣ ዋጋውም ከእሱ ጋር መነጋገር ያለበት ነው። በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኛ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ መብቷ ነው ይላል፤ ዮርዳኖስ አላጸደቀችውም። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን አይጠብቀንም።

"ከተናገርኩስ ቢያባርሩኝ?" ይኼ ከሁሉም መልስ የከበደው ነው፤ የምትጠይቀኝን እህት አልንቃትም። ኢቃማዋ በከፊሏ እጅ ያለች ሴት እንደ ልቧ አትናገርም። ስለዚህ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ደስ ባይለኝም። ስለ ሳንባዬ አላወራም። ስለ ድንጋዩ ነው የማወራው። "ማዳም፣ ያለ ውሃ ከተበሳ ድንጋዩ ይሰነጠቃል" እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ይሰነጠቃል። ያኔ ጠርሙሱ ይመጣል። ለድንጋዩ የሚመጣ ውሃ ለእኔ አለመምጣቱ ያናድደኛል፤ እየተናደድኩም ቢሆን እጠቀምበታለሁ። እናንተም ተጠቀሙበት። አንድ ቀን ስለ ሳንባችን ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ይመጣል፤ እስከዚያ ሳንባው መቆየት አለበት።

በተመላላሽ ለምንሠራው ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ፣ መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ። ባለፈው ክረምት ዳቡቅ አዲስ ቪላ ሊጸዳ 25 ዲናር የቀን ሲባል እኔ ሌላ ሥራ ነበረኝና አንዲት ታናሽ እህቴን ላክኋት። የሥጋ አይደለችም፣ የአገሬ ልጅ ናት፤ "እትዬ" ነው የምትለኝ። መጥረጊያና ባልዲ ይዛ ሄደች። አራት ሃማም፣ ሁሉም በዚያው ሳምንት የተበሳ፣ ሁሉም ደረቅ። ስትመለስ ፀጉሯን በውሃ ስታርሰው ሊጥ ሆነ። ሁለት ሳምንት አሳላት። ሐኪም ቤት ሽሮፕ ሰጧት፣ ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እኔ አውቅ ነበር። የኸልዳውን ቀን አይቼ፣ ስለ ሲሊካ ጠይቄ አንብቤ፣ አውቄ ነው በደረቅ መጥረጊያ የላክኋት። ማስክ እንኳ አልሰጠኋትም። "25 ዲናር ነው፣ እንዳያመልጥሽ" አልኳት። ማዳምን ከመውቀሴ በፊት ይኼን ማለት አለብኝ።

25ቱ ዲናር ይቅር አልልም። ቤት ኪራይ እኔም እከፍላለሁ፣ አገር ቤት እኔም እልካለሁ። የምለው፦ ያ ሥራ ከተራ ጽዳት በላይ የሚከፈልበት ምክንያት አለው። ከተቀበልነው በዋጋውም በአሠራሩም እንደ ከባድ ሥራ እንቀበለው።

እንዴት ይሁን?

ልምድ ያለው ሙዓሊም እንዲህ ያደርጋል፤ ያላደረገውን እንድትለዩት ነው የምጽፈው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከሆነ በሚበሳው ዙሪያ የመዓጁን ቀለበት ይሠራል፤ ልጆች የሚጫወቱበት ለስላሳው ሊጥ። በውስጡ ውሃ ይጠራቀማል፣ ድሪሉ በዚያ ውስጥ ይዞራል። ወይም ክዳኑ በሚስማር የተበሳ ጠርሙስ ይዞ ሰው ያንጠባጥባል። ድሪሉ እየመታ እንዲበሳ የሚያደርገውን ቁልፍ ያጠፋል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አይጫነውም። ቶሎ ቶሎ እያነሳ ጭቃውን ያስወጣል። ሊያልፍ ሲል ይበልጥ ያዘግማል፣ ከሥር ባልዲ ይኖራል። ግድግዳ ላይ ሲሆን ውሃ አይጠራቀምም፤ እየተረጨ ይበሳል።

"ጠርሙሱን አንቺ ያዢ" ከተባልሽ ግን ልብ በይ፦ ውሃና ኤሌክትሪክ ናቸው። ውሃው ድንጋዩ ላይ ብቻ ይንጠብ፣ ድሪሉ አካል ላይ በፍጹም። ሶኬቱ ደረቅ ቦታ ይሁን። በእርጥብ ሺብሺብ ወይም በባዶ እግርሽ አትቁሚ። በባትሪ የሚሠራ ድሪል ካለ ይሻላል። ሽቦው የተላጠ ከሆነ አልይዝም ማለት ትችያለሽ፤ ይኼን ለማለት ድንጋዩን ሰበብ ማድረግም አያስፈልግሽም።

ጭቃው ሳይደርቅ በቀሻጣ ሰብስቢውና በላስቲክ አስረሽ ጣይው፤ ማፍሰሻ ውስጥ እንዳትደፊው፣ እዚያ ይጋግራል። ደረቅ ከተበሳ ደግሞ በሩን ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ሰዓታት ቆይተሽ ግቢ። መጥረጊያ አታንሺ። የቤት ማክነሳ አታስነሺ፤ ተራው ማክነሳ ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። በእርጥብ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች። ጨርቁን ባልዲ ውስጥ እጠቢ እንጂ አታራግፊ። ልብስሽን ለብቻ እጠቢ። ሻሽ አፍ ላይ መጠምጠም ለትልቁ አቧራ ነው፤ ሰማያዊው የሐኪም ማስክም ደቃቁን አይዝም። ኤን-95 የሚባለው ነው የሚይዘው፣ እሱም ፊት ላይ ሲገጥም ብቻ።

ማኅበራችንም ይስማ። ስለ ፓስፖርት ስንጮህ ሳንባ ተረስቶብናል። በወር መዋጮአችን አንድ ካርቶን ኤን-95 ገዝተን ለተመላላሽ ሠራተኞች በዋጋው መስጠት አያቅተንም። አዲስ ለምትመጣው ልጅ የምንሰጠው ወረቀት ላይ ከስልክ ቁጥሮቹ ሥር ሦስት መስመር መጨመር አያቅተንም። ለሕንፃ ጽዳት ዋጋ ስንነጋገር "በውሃ ነው ወይስ በደረቅ የተበሳው?" ብሎ መጠየቅን ልማድ ማድረግ አያቅተንም። ከሙዓሊሞቹም ጋር እንነጋገር። ከግብፅ ይምጣ ከሶሪያ ሰውየው ከእኛ አብልጦ እየዋጠው ነው፣ ሚስቱም ሩቅ አገር ትጠብቀዋለች።

ይኼን ሁሉ የምለው በአንድ ምክንያት ነው። ይህ በሽታ ሲመጣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ያኔ እኛ አማን የለንም። ወልድያ ነን፣ ደሴ ነን፣ ደብረ ማርቆስ ነን፣ ጅማ ነን። ሱቅ ከፍተን፣ ልጅ ወልደን፣ ዳገት ስንወጣ ትንፋሽ ያጥረናል። ሐኪሙ "ምን ትሠሪ ነበር?" ሲል "ሰው ቤት" እንላለን። ሰው ቤት ድንጋይ ይፈጫል ብሎ ማን ያስባል? ማዳም የለች፣ ሙዓሊሙ የለ፣ ክስ የለ፣ ካሳ የለ። ላኪም ተቀባይም እኛው እንሆናለን።

ስለዚህ እህቶቼ፣ በአማንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እንማር። አዲስ የመጣችውንም ከ"ማርሐባ" ቀጥሎ እሷን እናስተምራት። ሙዓሊሙ ድሪሉን ሲያነሳ ጠርሙሱን አቀብሉትና በሉት፦

"ቢል ማይ፣ ሙሽ ዓናሺፍ!"

በውሃ፣ በደረቅ አይሆንም።

ቸር ሰንብቱልኝ።